አሮጌውን ተዋጊ አውሮፕላን ማደስ ወይስ አዲስ መግዛት?

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)




ተዋጊ አውሮፕላን የጦር መሣሪያ ከመባሉ አስቀድሞ የመሐንዲስ ሥራ ነው። እንደ ማናቸውም የሰው እጅ ሥራ ተነድፎ ይሠራል፤ እያገለገለ ያረጃል፤ ሲያረጅ ይጠገናል፤ በመጨረሻም ጥገና የማያድነው ጊዜ ይመጣበታል። የዛሬው ንግግር የሚመለከተው ይህን የመጨረሻ ጊዜና ከእርሱ በፊት ያሉትን ጥቂት ዓመታት ነው። አንድ መንግሥት ሃያና ሠላሳ ዓመት ያገለገሉ ጄቶች በእጁ ሲኖሩ፣ አዲስ ራዳርና አዲስ ኤሌክትሮኒክስ አስገብቶ ያድሳቸው? ወይስ አሰናብቶ አዲስ ይግዛ?

ይህ ጥያቄ በየሀገሩ ምክር ቤት በተነሣ ቁጥር ክርክሩ በሁለት ወገን ይቆማል። አንደኛው ወገን የዋጋውን ዝርዝር ይዞ «አንድ አዲስ በሚገዛበት ገንዘብ ብዙ አሮጌ ይታደሳል» ይላል። ሁለተኛው ወገን የአደጋውን መዝገብ ይዞ «የሬሳ ሣጥን ቀለም ቢቀባ ያው የሬሳ ሣጥን ነው» ይላል። ሁለቱም ወገኖች የያዙት እውነት አላቸው። ሁለቱም የሚስቱት ግን አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም በእድሳት የሚገዛው ዕቃ ጊዜ መሆኑን ነው። ጊዜም እንደ ማናቸውም የተገዛ ዕቃ ልክ አለው። ስንት ዓመት እንደ ተገዛና በእነዚያ ዓመታት ውስጥ ምን እንደሚሠራ አስቀድሞ ያልወሰነ ሀገር፣ ዕዳውን በኋላ በሰው ሕይወት ይከፍለዋል።

ይህን ለማስረዳት በመጀመሪያ አውሮፕላን የሚያረጀው እንዴት እንደ ሆነ ይገለጻል፤ ቀጥሎ የሩማኒያ፣ የህንድና የብራዚል ሥራ በየተራ ይመረመራል፤ ከኢትዮጵያም የቅርብ ታሪክ አንድ ትምህርት ይወሰዳል። በዚህ ንግግር ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ «ዓ.ም.» ተብሎ ከተለየው በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የሚያረጀው ምንድን ነው?

«አውሮፕላኑ አርጅቷል» ሲባል ሦስት የተለያዩ ነገሮች በአንድ ቃል ይጠቀለላሉ። የመጀመሪያው የአውሮፕላኑ ዓይንና አእምሮ ነው፤ ራዳሩ፣ ኮምፒዩተሩ፣ የመገናኛ ሬዲዮው፣ በአብራሪው ፊት የተደረደሩት መሣሪያዎች ሁሉ በዚህ ውስጥ ይቆጠራሉ። ይህ ክፍል ከሁሉ ፈጥኖ ያረጃል፤ በአሥርና በአሥራ አምስት ዓመት ውስጥ ዘመን ያልፍበታል። ነገር ግን ለመለወጥ ከሁሉ የቀለለው እርሱ ነው።

ሁለተኛው ሞተሩ ነው። የጄት ሞተር የተወሰነ ሰዓት ከሠራ በኋላ ተፈትቶ ይታደሳል፤ የተቃጠሉት ምላጮቹ ይለወጣሉ፤ ከዚያም እንደገና ይገጠማል። መለዋወጫ የሚሠራ ፋብሪካ እስካለ ድረስ የሞተር ዕድሜ ሊራዘም ይችላል። ፋብሪካው ሲዘጋ ወይም በፖለቲካ ምክንያት በሩን ሲዘጋ ግን፣ ሞተሩ ምንም ያህል ጤነኛ ቢሆን የቀረው ዕድሜ በመጋዘን ውስጥ ባለው መለዋወጫ ይለካል።

ሦስተኛው የአውሮፕላኑ አካል ነው። ክንፉን የሚሸከመው አግዳሚ ብረት፣ ክንፉ ከአካሉ ጋር የሚጋጠምበት ሥር፣ በቁመት የተዘረጉት ጠንካራ ዘንጎች የዚህ ክፍል ናቸው። ተዋጊ አውሮፕላን በአየር ላይ በኃይል ሲታጠፍ አካሉ የክብደቱን ሰባትና ስምንት እጥፍ የሚሸከምበት ቅጽበት አለ። ሽቦ ደጋግሞ ሲታጠፍ በመጨረሻ እንደሚቆረጥ ሁሉ፣ ይህ ብረትም በየጊዜው በተጫነበት ሸክም ይዝላል። ድካሙ በመጀመሪያ ለዓይን አይታይም። በብሎን ቀዳዳ ዳር ፀጉር የሚያህል ስንጥቅ ትጀምራለች፤ በየበረራው ጥቂት በጥቂት ትረዝማለች፤ የመጨረሻዋ ርዝመት ላይ ስትደርስ ብረቱ በአንድ ጊዜ ይለያያል። ስለዚህ የአካሉ ዕድሜ የሚቆጠረው በተመረተበት ዘመን ብቻ አይደለም፤ በበረራ ሰዓቱና በተሸከመው ሸክም ብዛት ጭምር ነው።

ይህን እውነት ዓለም የተማረው በውድ ዋጋ ነው። በ1954 ሁለት ኮሜት የተባሉ የእንግሊዝ የመንገደኞች ጄቶች በአየር ላይ ተበታትነው ሲወድቁ፣ መሐንዲሶች የአንድ ሌላ ኮሜት አካል በውኃ ገንዳ ውስጥ አግብተው ግፊቱን ደጋግመው በማብዛትና በመቀነስ ሞከሩት፤ ብረቱም ከቀዳዳዎቹ ማዕዘን ተነሥቶ ተሰነጠቀ። በተዋጊ አውሮፕላንም በኩል በኖቬምበር 2007 በአሜሪካ ሚዙሪ አንድ ኤፍ 15 ሲ በልምምድ በረራ ላይ እያለ ከአብራሪው ክፍል በስተኋላ ለሁለት ተከፈለ። አብራሪው ተጎድቶ በሕይወት ተረፈ። ምርመራው ያገኘው ጥፋት አንድ በቁመት የተዘረጋ የአካል ዘንግ በፋብሪካ ሲሠራ ከንድፉ ቀጥኖ መሠራቱን ነበር። ያ ጉድለት ሳይታወቅ ሩብ ምዕተ ዓመት ያህል በሯል፤ በብዙ ሌሎች አውሮፕላኖች ላይም ያው ጉድለት ተገኘ። በእነዚያ ዓመታት ውስጥ የአውሮፕላኑ ዓይንና አእምሮ ምንም ያህል ቢታደስ ለዚያ ዘንግ የሚጨምርለት ነገር አልነበረም።

እንግዲህ ማንም የእድሳት እቅድ ሲቀርብለት ሊጠይቅ የሚገባው የመጀመሪያ ጥያቄ ስለ ራዳሩ አይደለም፤ ስለ አካሉ ነው። አሜሪካ በ2017 ከኤፍ 16 አውሮፕላኖቿ ከፊሉን ዕድሜያቸው ከ8,000 ወደ 12,000 የበረራ ሰዓት እንዲራዘም ስትፈቅድ፣ ፈቃዱ የተመሠረተው አካሉን በሙከራ መድረክ ላይ ለዓመታት ደጋግሞ በመጫንና ደካማ ክፍሎቹን በማጠንከር ላይ ነበር። ይህ እውነተኛ እድሳት ነው፤ የሚጨምረው ዓመት በሰዓት ተቆጥሮ ይታወቃልና።

ሊለወጥ የማይችለው ነገር

አካሉ ጤነኛ ቢሆንም እንኳ ከመጀመሪያው ንድፍ ጋር የተወለደ ጠባይ አለ። ለምሳሌ ሚግ 21ን መመልከት ይበቃል። ይህ አውሮፕላን በ1959 በሶቪዬት ኅብረት አየር ኃይል አገልግሎት ጀመረ፤ በሶቪዬት ፋብሪካዎች ብቻ ከ10,000 በላይ ተሠርቷል፤ በህንድና በቼኮዝሎቫኪያም ተመርቷል። ቀላል፣ ፈጣንና ርካሽ እንዲሆን ታስቦ የተነደፈ ነበር፤ ሆነም።

ነገር ግን ሚግ 21 ለሞተሩ አየር የሚስበው በአፍንጫው ነው። ራዳሩም የተቀመጠው በዚያ የአየር መግቢያ መካከል ባለችው ሾጣጣ ጉልላት ውስጥ ነው። የራዳር እይታ ርቀት ከአንቴናው ስፋት ጋር የተያያዘ ስለሆነ፣ የቱንም ያህል ዘመናዊ ራዳር ቢገዛ የአንቴናው ስፋት ከዚያች ጉልላት ሊበልጥ አይችልም። ጉልላቷን ለማስፋት የአየር መግቢያው ይጠብባል፤ አየር የጎደለው ሞተርም ኃይሉን ያጣል። ነዳጁም ጥቂት ነው፤ በአየር ላይ የሚቆይበት ጊዜ አጭር ነው። የማረፊያ ፍጥነቱ በሰዓት ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሆነ ለጀማሪ አብራሪ ምሕረት የለውም። ሞተሩም አንድ ብቻ ነው፤ ከቆመ ሁለተኛ የለም። እነዚህን አራት ነገሮች የሚለውጥ የእድሳት ውል የለም፤ የሚለውጣቸው ሌላ አውሮፕላን ብቻ ነው።

የሩማኒያ መንገድ

ሩማኒያ በ1989 ሥርዓቷ ሲለወጥ በእጇ ብዙ ሚግ 21 ነበራት፤ አዲስ የሚገዛ ገንዘብ ግን አልነበራትም። ስለዚህ በ1993 በባካኡ ከተማ የሚገኘው ኤሮስታር የተባለው የሀገሩ የአውሮፕላን ፋብሪካ ከእስራኤሉ ኤልቢት ኩባንያ ጋር ሆኖ 110 አውሮፕላኖችን እንዲያድስ ውል ተፈረመ። ዋጋው ወደ 300 ሚሊዮን ዶላር ተገመተ። ላንሰር የተባለው የታደሰው አውሮፕላን ለመጀመሪያ ጊዜ በኦገስት 1995 በረረ። በውስጡ አዲስ ኮምፒዩተር፣ በአብራሪው ፊት የሚበሩ የመረጃ ስክሪኖችና በራስ ቁር ላይ የተገጠመ ማነጣጠሪያ ገቡ፤ ለአየር መከላከያ በተመደቡት ላይ አዲስ ራዳር ተጨመረ። የምሥራቁንም የምዕራቡንም ሚሳይል መሸከም ቻለ።

ውሉ በመጀመሪያ አሥር ዓመታት ውስጥ የታሰበለትን ፈጸመ። የሩማኒያ መሐንዲሶችና ቴክኒሺያኖች በራሳቸው ወርክሾፕ፣ በራሳቸው እጅ አዲሱን ዘመን ተማሩ። አብራሪዎቹ በምዕራቡ ዓለም ሬዲዮና ደንብ መብረር ለመዱ። ሀገሪቱ በ2004 የሰሜን አትላንቲክ ቃል ኪዳን ድርጅት አባል ስትሆን ሰማይዋን የሚጠብቅ ነበራት፤ በ2007 አራት ላንሰሮች ወደ ሊትዌንያ ሄደው የባልቲክን ሰማይ ጠበቁ። ከ1950ዎቹ ንድፍ የተወለደ አውሮፕላን ለዚህ መብቃቱ የእድሳትን ጥቅም በግልጽ ያሳያል።

ችግሩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። የተገዛው ጊዜ ሲያልቅ ተተኪው አልደረሰም። ከፖርቱጋል 12 ያገለገሉ ኤፍ 16 ለመግዛት የተስማሙት በ2013 ነው፤ የመጀመሪያዎቹ የደረሱት በ2016 ነው፤ በ2021 ገደማ ቁጥራቸው 17 ቢደርስ እንኳ ሰማዩን ለመሸፈን አይበቁም ነበር። ስለዚህ ላንሰሮቹ መብረራቸውን ቀጠሉ። ማርች 2 ቀን 2022 ማታ፣ በዩክሬን ጦርነት ከተጀመረ ሳምንት ሳይሞላ፣ አንድ ላንሰር በጥቁር ባሕር አካባቢ በጥበቃ በረራ ላይ እያለ ከራዳር ጠፋ። በመጥፎ የአየር ጠባይ እርሱን ፍለጋ የወጣው ሄሊኮፕተርም ወደቀ። የላንሰሩ አብራሪና በሄሊኮፕተሩ ውስጥ የነበሩት ሰባት ሰዎች ሞቱ። በኤፕሪል አጋማሽ መንግሥቱ የአደጋው ብዛት ከልክ አልፏል ብሎ የላንሰርን በረራ አቆመ። ነገር ግን አንድ ወር ገደማ ቆይቶ፣ ሌላ የሚበቃ አውሮፕላን ስላልነበረው፣ ለአንድ ዓመት ብቻ እንደገና ፈቀደ። ላንሰር ለመጨረሻ ጊዜ የተሰናበተው ሜይ 15 ቀን 2023 ነው።

አደገኛ ነው ተብሎ የቆመ አውሮፕላን ምትክ በመታጣቱ ተመልሶ ሲነሣ፣ ውሳኔው ከመሐንዲሱ እጅ ወጥቶ በችግር እጅ ወድቋል ማለት ነው። እዚህ ላይ የሚወቀሰው የ1993ቱ እድሳት አይደለም። በ1993 የተገዛው ጊዜ በአግባቡ ተገዝቷል፤ ከ2004 በኋላ በአግባቡ አልተሠራበትም።

የህንድ መንገድ

ህንድ ሚግ 21ን የተቀበለችው በ1963 ነው። ከዚያም በናሲክ በሚገኘው የሂንዱስታን ኤሮኖቲክስ ፋብሪካ በብዛት ሠርታዋለች። ተተኪውን ራሷ ለመሥራት በማሰብ ቀላል ተዋጊ አውሮፕላን የመንደፍ እቅድ በ1983 አጸደቀች፤ ይህም በኋላ ቴጃስ የተባለው ነው። እቅዱ እንደ ታሰበው ቢፈጸም ኖሮ ሚግ 21 በ1990ዎቹ ውስጥ መሰናበት በጀመረ ነበር።

ነገር ግን ተዋጊ አውሮፕላን ከባዶ መንደፍ እጅግ ረጅም መንገድ ነው። ቴጃስ ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረው በጃንዋሪ 2001 ነው፤ በአየር ኃይሉ ውስጥ የመጀመሪያው የቴጃስ ስኳድሮን የተቋቋመው በጁላይ 2016 ነው። ከእቅድ እስከ ስኳድሮን 33 ዓመታት አለፉ። ክፍተቱን ለመሙላት ህንድ በ1996 ከሩሲያ ጋር 125 ሚግ 21 ለማደስ ተስማማች። ባይሰን የተባለው ይህ እድሳት አዲስ ራዳር፣ አዲስ ሚሳይል፣ የራስ ቁር ማነጣጠሪያና የተሻለ የአብራሪ ክፍል ሰጠው። ከመጀመሪያዎቹ ሁለቱ በቀር ሌሎቹ የታደሱት በህንድ ውስጥ ነው። ባይሰን በልምምድ ጊዜ ከእርሱ እጅግ የሚያንሱ ዘመናዊ አውሮፕላኖችን ላልጠበቁት ችግር ዳርጓል ብሎ መናገር ሐሰት ባይሆንም፣ ሂሳቡ የሚዘጋው በልምምድ ሜዳ አይደለም።

የሂሳቡን ሌላ ገጽ የህንድ የመከላከያ ሚኒስትር ኤ. ኬ. አንቶኒ በ2012 ለምክር ቤቱ አቅርበውታል። ሀገሪቱ ከያዘቻቸው 872 ልዩ ልዩ የሚግ አውሮፕላኖች መካከል እስከዚያ ዓመት ኤፕሪል ድረስ 482ቱ አደጋ ደርሶባቸዋል፤ 171 አብራሪዎችና 39 ሲቪሎች ሞተዋል። ለአደጋዎቹም ምክንያት የሰው ስሕተትና የቴክኒክ ጉድለት ሁለቱም ተጠቅሰዋል።

ይህ ቁጥር በጥንቃቄ ሊነበብ ይገባል። ሁሉም ጥፋት የአሮጌ ብረት አይደለም። ህንድ ለብዙ ዓመታት ወጣት አብራሪዎቿን ከዝግተኛ የማሠልጠኛ ጄት አውርዳ በቀጥታ ወደ ሚግ 21 ታስገባ ነበር። በመካከል የሚያስተምር ፈጣን የማሠልጠኛ ጄት እንዲገዛ ሐሳብ የቀረበው በ1980ዎቹ መጀመሪያ ሲሆን፣ የእንግሊዙ ሆክ ውል የተፈረመው በ2004 ነው። ስለዚህ ሃያ ዓመት ሙሉ የማስተማሪያውን ጉድለት የተሸከመው የሚግ 21 ማረፊያ ሜዳና በላዩ የሚያርፈው ወጣት ነበር። አውሮፕላንን ለማደስ ገንዘብ መድቦ አብራሪውን ለማሠልጠን ገንዘብ መንፈግ ከእድሳት ስም የማይቆጠር ሥራ ነው።

በሜይ 2023 አንድ ሚግ 21 በራጃስታን መንደር ውስጥ በቤት ላይ ሲወድቅ አብራሪው በጃንጥላ ተረፈ፤ በቤቱ የነበሩ ሦስት ሴቶች ሞቱ። የመጨረሻዎቹ ባይሰኖች በቻንዲጋር በሥነ ሥርዓት የተሰናበቱት ሴፕቴምበር 26 ቀን 2025 ነው። አገልግሎቱ በአጠቃላይ 62 ዓመት ሆነ። በዚያ ዕለት የህንድ አየር ኃይል ከተፈቀዱለት 42 ስኳድሮኖች ወደ 29 መውረዱ ተነገረ። ተተኪው ቴጃስም ቢሆን የሚበረው ከአሜሪካ በሚመጣ ሞተር ስለሆነ፣ የሞተሩ መዘግየት የአውሮፕላኑን ርክክብ አዘግይቶታል። እንግዲህ ህንድ ሁለቱንም መንገድ ይዛ ነበር፤ አሮጌውን አደሰች፤ አዲሱንም ሠራች። የጎደላት ሁለቱን የሚያገናኝ ቀን ነው። እድሳቱ በስንት ዓመት እንደሚያልቅና አዲሱ በስንት ዓመት እንደሚደርስ በአንድ ወረቀት ላይ ተጽፎ፣ አንዱ ሲዘገይ ሌላው ምን እንደሚሆን የሚጠይቅ ኃላፊ አልነበረም ማለት ይቻላል።

ብራዚልና ኢትዮጵያ፦ የአንድ ዓይነት አውሮፕላን ሁለት ዕጣ

ኤፍ 5 ኢ የተባለው የአሜሪካ ቀላል ተዋጊ ጄት በ1970ዎቹ አጋማሽ ለብዙ ሀገሮች ተሰጠ፤ ብራዚልና ኢትዮጵያ ከእነዚህ ነበሩ። ብራዚል በ2001 ገደማ 46 ኤፍ 5 አውሮፕላኖቿን ለማደስ ወሰነች። ሥራው በብራዚሉ ኤምብራየር ፋብሪካና በኤልቢት ኩባንያ ተካፍሎ፣ የመጀመሪያው የታደሰ አውሮፕላን በ2005 ተረከበ። አዲስ ራዳርና ከዓይን እይታ ውጪ የሚመታ ሚሳይል ተጨመረለት። በ2014 ብራዚል 36 አዲስ ግሪፐን ከስዊድን በ39.3 ቢሊዮን የስዊድን ክሮነር አዘዘች። ውሉ ከ350 በላይ የብራዚል መሐንዲሶችና ቴክኒሺያኖች በስዊድን እንዲሠለጥኑ፣ ከአውሮፕላኖቹም ከፊሎቹ በብራዚል እንዲገጣጠሙ ይል ነበር። የመጀመሪያዎቹ ግሪፐኖች በዲሴምበር 2022 ሥራ ሲጀምሩ ኤፍ 5 ገና በአገልግሎት ላይ ነበር። እዚህም መዘግየት አልጠፋም። ነገር ግን አሮጌው ሳይወድቅ አዲሱ ደረሰ፤ በመካከልም የሀገሩ መሐንዲስ በሁለቱም ላይ እጁን አኖረ።

ኢትዮጵያ በዚያው ዓይነት አውሮፕላን የተማረችው ሌላ ትምህርት ነው። በሐምሌ 1969 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦር ኦጋዴንን ሲወር፣ የሶማሊያ አየር ኃይል ሚግ 21 ነበረው፤ የኢትዮጵያ አየር ኃይል ደግሞ ቁጥራቸው ጥቂት የሆኑ ኤፍ 5 ኢ አውሮፕላኖች ነበሩት። የሰማዩን የበላይነት የያዙት የኢትዮጵያ አብራሪዎች ናቸው። ለዚህም ድል የአብራሪዎቹ ሥልጠናና ድፍረት፣ በምድርም ሌሊቱን በባትሪ ብርሃን ሲሠሩ ያደሩት ቴክኒሺያኖች ድካም ዋና ምክንያት መሆኑ አያከራክርም።

ይሁን እንጂ ያን ጊዜ የኤፍ 5 መለዋወጫ በር እየተዘጋ ነበር። በሚያዝያ 1969 ዓ.ም. የኢትዮጵያና የአሜሪካ ወታደራዊ ግንኙነት ተቋርጦ ነበርና፣ በጦርነት ዋጋውን ያሳየ አውሮፕላን ምንጩ ደረቀ። ከዚያ በኋላ የመጡት የሶቪዬት ሚጎች ናቸው። አብራሪውም ቴክኒሺያኑም ትምህርቱን ከመጀመሪያ ገጽ ጀመረ፤ ከኢንች ወደ ሚሊሜትር፣ ከእንግሊዝኛ መመሪያ ወደ መስኮብኛ መመሪያ ተሻገረ። አንድ አየር ኃይል በሃያ ዓመት ያከማቸው የሙያ ሀብት በአንድ ወቅት ግማሹ ዋጋ አጣ። ይህ ኪሣራ በማንኛውም የግዢ ውል ውስጥ በቁጥር አይጻፍም።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ለአሮጌውም ለአዲሱም እኩል ይሠራል። አዲስ አውሮፕላን የሚገዛ ሀገር ከሻጩ ጋር ለሠላሳና ለአርባ ዓመት ይዋዋላል፤ በእነዚያ ዓመታት ውስጥ መንግሥታት ይለወጣሉ፤ ወዳጅነትም ይለወጣል። አሮጌውን የሚያድስ ሀገርም ከንድፉ ባለቤት፣ ከራዳሩ ሻጭና ከሞተሩ ፋብሪካ ጋር በአንድ ጊዜ ይታሰራል። ገመዱ የሚላላው የንድፉ ሰነድ፣ የመሞከሪያ መሣሪያውና የጥገናው ሥልጣን በሀገር ውስጥ ሲገኝ ነው።

ዋጋና ዋጋ

የዋጋን ነገር ለመመዘን ሩማኒያ ተመልሳ ትጠቅማለች፤ በአንድ ሀገር ውስጥ ሦስቱን መንገድ ሞክራለችና። የ110ሩ ሚግ 21 እድሳት በ1990ዎቹ ዋጋ ለአንዱ ከ3 ሚሊዮን ዶላር በታች ያህል ወጣ። በ2022 ከኖርዌይ 32 ያገለገሉ ኤፍ 16 በ388 ሚሊዮን ዩሮ ውል ስትገዛ፣ ለአንዱ 12 ሚሊዮን ዩሮ ያህል ሆነ። በ2024 ደግሞ 32 አዲስ ኤፍ 35 በ6.5 ቢሊዮን ዶላር ስታዝ፣ ለአንዱ 200 ሚሊዮን ዶላር ያህል ደረሰ።

እነዚህን ቁጥሮች ጎን ለጎን አስቀምጦ መፍረድ ስሕተት ነው። የገንዘቡ ዘመን ይለያያል፤ በውሉ ውስጥ የተካተተውም ይለያያል። በአዲሱ አውሮፕላን ዋጋ ውስጥ ሥልጠና፣ መለዋወጫ፣ የማስመሰያ መሣሪያና የብዙ ዓመት ድጋፍ ይጨመራል። በእድሳቱ ዋጋ ውስጥ ግን አሮጌው አካል ያለ ዋጋ ተቆጥሯል፤ ቀድሞ ተከፍሎበታልና። ከሁሉ በላይ ግን የእድሳቱ ዋጋ ስንት የበረራ ሰዓት እንደ ገዛ ካልተነገረ ርካሽነቱ ሊታወቅ አይችልም። በ3 ሚሊዮን ዶላር ታድሶ 3,000 ሰዓት የሚበር አውሮፕላን ርካሽ ነው፤ በዚያው ገንዘብ ታድሶ ከ400 ሰዓት በኋላ በክንፉ ሥር ስንጥቅ የሚገኝበት አውሮፕላን ግን ከእጅ አይሻል ዶማ ነው።

በሌላ ወገን ደግሞ አዲሱን ለመግዛት ሲባል የነባሩን መለዋወጫና ሥልጠና በጀት ማጠፍ የተለመደ ስሕተት ነው። የአዲሱ ውል ይዘገያል፤ ነባሩ በመለዋወጫ ማጣት ሃንጋር ውስጥ ይቆማል፤ አብራሪው የበረራ ሰዓት ያጣል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ይህ ነው። ሰዓት ያጣ አብራሪም አዲሱ አውሮፕላን በመጣ ጊዜ ከመጀመሪያው ይልቅ ለአደጋ የቀረበ ሆኖ ይገኛል።

የመሐንዲሱ ድርሻ

ክቡራትና ክቡራን፤

በመጨረሻ የሚወስነው መንግሥት ነው፤ የሚከፍለው ሕዝብ ነው፤ የሚቀመጥበት አብራሪው ነው። የመሐንዲሱ ድርሻ ውሳኔው ከመፈረሙ በፊት አምስት ጥያቄዎችን መጠየቅና መልሳቸውን በቁጥር መጻፍ ነው።

አንደኛ፣ የእያንዳንዱ አውሮፕላን አካል ስንት ሰዓት ቀረው? መልሱ ለጠቅላላው ክምችት ሳይሆን በየአውሮፕላኑ ቁጥር፣ ክፍሉ ተፈትቶና ተመርምሮ መሰጠት አለበት። ሁለተኛ፣ ከንድፉ ጋር የተወለደው ጉድለት ምንድን ነው? የታሰበው እድሳትስ የማይደርስበት ወዴት ነው? ሦስተኛ፣ የሞተሩና የመለዋወጫው ምንጭ ከሀገር ውጪ በስንት እጅ ነው? አንዱ በር ቢዘጋ ለስንት ወር ይበቃል? አራተኛ፣ ከእድሳቱ ውል ጎን ለአብራሪውና ለቴክኒሺያኑ ሥልጠና ስንት ተመድቧል? አምስተኛ፣ አሮጌው የሚሰናበትበት ቀን መቼ ነው? ተተኪው በዚያ ቀን ካልደረሰ ምን ይደረጋል?

የመጀመሪያዎቹ አራት ጥያቄዎች ከተመለሱ በኋላ፣ እድሳት በአንድ ሀገር ትክክል፣ በሌላ ሀገር ስሕተት ሊሆን ይችላል። አምስተኛው ጥያቄ ግን በየትኛውም ሀገር ሊታለፍ አይገባውም። ሩማኒያም ህንድም የተሰናከሉበት እርሱ ነው። ማሰናበቻ ቀን ያልተጻፈበት የእድሳት እቅድ እያደር የልማድ መልክ ይይዛል፤ ዘንድሮ ለአንድ ዓመት፣ ከርሞም ለአንድ ዓመት እየተባለ ይራዘማል፤ በየዓመቱ የሚፈርመው ሰው በፊተኛው ፊርማ ይጽናናል። ስንጥቋ ግን ፊርማ አታነብም።

ይህ ነገር የጦር አውሮፕላንን ለሚጠግኑ ብቻ የተነገረ አይደለም። የኃይል ማመንጫ ተርባይን፣ የከተማ አውቶቡስ፣ የፋብሪካ ቦይለር፣ የድልድይ ብረት ሁሉ በዚሁ ሕግ ያረጃል። በየመሥሪያ ቤቱ አንድ መሐንዲስ አሮጌውን ዕቃ «ገና ይሠራል» ብሎ የሚፈርምበት ቀን ይመጣል። ዕቃው ገና የሚሠራ ከሆነ መፈረሙ ለሀገር ገንዘብ ማዳን ነው፤ ክብርም ነው። ነገር ግን ከፊርማው በላይ ባለው መስመር ላይ «እስከዚህ ሰዓት ድረስ፤ ከዚያ ወዲያ አይደለም» የሚል ቃልና ቁጥር ይጻፍ። ነገ ጠዋት ወደ አብራሪው ወንበር የሚወጣው ወጣት የብረቱን መዝገብ አያነብም፤ የሚተማመነው ያነበበለት ሰው መኖሩን ነው።